የውሻ ጩኸት የሚደርስበት መሬት

ከተንዒም ወደ መካ ስንመለስ የመኪናችን የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ሾፌሩ የሐርቡ ልጅ ነው፤ ክሪኩን ሊያወጣ ሲወርድ እኛም ተከትለነው ወረድን። አብረውን አንዲት የወሎ እናት ነበሩ። ተንዒም ላይ ኢሕራም አድርገው ነው የተነሡት፤ ዑምራው በሞት ለተለዩአቸው ባለቤታቸው ነው። አብሯቸው ያለው የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጅዳ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከዐረብኛ እየደባለቀ የሚያወራ ልጅ ነው።

ከአስፋልቱ ዳር፣ የኮረብታው ድንጋይ ከሚጀምርበት ላይ፣ አንድ አቧራ የለበሰ ቁጥቋጦ በቅሏል። ልጁ ጎማው እስኪቀየር መታገሥ አቃተውና ወደዚያ ሄዶ አንዱን ቅርንጫፍ ጨበጠ።

«ተው! ተው የኔ ልጅ፣ እንዳትነካው!» አሉ እናቲቱ። መኪና ሊገጨው የተቃረበ ልጅ የሚጠሩ ነበር የሚመስሉት።

«ምን ሆነ እማማ?»

«ሐረም ገብተናል። እዚህ ሣር አይነቀልም።»

ልጁ ቅርንጫፉን ሲለቀው አንዲት አመድማ ፌንጣ ተስፈንጥራ የሴትዮዋ ቀሚስ ጫፍ ላይ ዐረፈች። እሳቸውም ባሉበት ቀጥ አሉ። አላራገፏትም፤ እግራቸውንም አላንቀሳቀሱም። ሾፌሩ ሥራውን ጨርሶ «እንሂድ እናቴ» ሲል እጃቸውን ብቻ አንሥተው ቆይ አሉት። ፌንጣዋ የኋላ እግሮቿን አሻሸች፤ ወደ ላይ ትንሽ ተራመደች፤ ቆየች። ከዚያ ራሷ በፈለገች ሰዓት ዘላ ወደ ድንጋዮቹ ሄደች። እናቲቱ መኪና ውስጥ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሕግ በልጅነቴ ቂርአት ቤት ቃል በቃል አጥንቼዋለሁ። በሰው እግርና በሰው ቀሚስ ላይ ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

የመካ ሐረም መስጂዱ ብቻ አይደለም። ከተማዋን ዙሪያዋን የከበበ፣ በምልክት ድንጋዮች የታጠረ ሰፊ ክልል ነው። ምልክቶቹን መጀመሪያ የተከሏቸው ነቢዩ ኢብራሂም ናቸው ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው መሪ ሁሉ እያደሰ አቆይቷቸዋል። ለካዕባ የሚቀርበው በተንዒም በኩል ያለው ነው፤ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በጅዳ፣ በዐረፋ፣ በጂዕራናና በየመን መንገድ ያሉት ከዚያ ይርቃሉ። በዚህ ክልል ውስጥ ራሱ የበቀለ ዛፍ አይቆረጥም፤ ሣር አይታጨድም፤ የዱር እንስሳ አይታደንም። መግደሉ ቀርቶ ከተጠለለበት ጥላ ማስበርገግ እንኳ ክልክል ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ትልቅ ዛፍ የቆረጠ ላም፣ ትንሽ ዛፍ የቆረጠ በግ ያወጣል፤ አንዲት እርግብ የገደለም በግ ያርዳል። ኢሕራም የለበሰ ሰው ደግሞ ሐረም ውስጥ ቢሆንም ባይሆንም የየብስ አውሬ ማደን አይችልም። የመካ እርግቦች ከሰው እግር ሥር የማይሸሹት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚያሳድዳቸው ሰው ሳያዩ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በላይ ኖረዋል።

ከዚህ ሕግ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ልዩ ፈቃዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ630 መካ በተከፈተች ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የሐረሙ ተክል እንዳይቆረጥ ሲያውጁ አጎታቸው ዐባስ በመሐል ገብተው ስለ አንድ ሣር ለመኑ። ኢዝኺር የሚባለው፣ የጠጅ ሣር ዘመድ የሆነው ሽታ ያለው ሣር ነው። አንጥረኞች እሳት የሚያቀጣጥሉበት፣ ሰዎች ቤት የሚከድኑበት፣ ሬሳ ሲቀበር ክፍተት የሚደፍኑበት እሱ ነበር። ነቢዩም ኢዝኺር ሲቀር ብለው ፈቀዱ። ሕጉ እንደ ወጣ ወዲያው፣ በዚያው ቦታ፣ የድሃውን ጣሪያና የሟቹን መቃብር ሰማ። መሬት ሲጠበቅ የሚኖርበትን ሰው ጉዳይ መርሳት እንደማይገባ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከሐረም ወጣ ሲባል ሌላ ሥርዓት አለ፤ ስሙ ሒማ ነው። የእኛ ገበሬ «ክልክል» የሚለው ዓይነት ግጦሽ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ በሥርዓት የሚከፈት። አጀማመሩ ግን መልካም አልነበረም። ኢማም ሻፊዒ እንደ ዘገቡት፣ ከእስልምና በፊት አንድ ኃይለኛ የጎሣ አለቃ ለም መሬት ሲያይ ውሻውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያወጣና ያስጮኸዋል። ጩኸቱ በአራቱም አቅጣጫ እስከሚሰማበት ድረስ ያለው መሬት የእሱ ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ ሌሎች በሚያሰማሩበት የጋራ ግጦሽም ከብቱን ያስገባል። ነቢዩ ይህን ልማድ ሻሩት። ከእንግዲህ ሒማ የሚከለለው ለአላህና ለመልእክተኛው ብቻ ነው አሉ፤ ለሕዝብ ጥቅም ማለት ነው። እሳቸውም መዲና አጠገብ ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሠራዊቱ ፈረሶች ከለሉ።

የነገሩ ልብ ያለው ግን ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ለሒማ ጠባቂያቸው ለሁነይ በሰጡት ትእዛዝ ላይ ነው። ሀሳቡ እንዲህ ነው፦ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው አስገባ፤ የዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑሥማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን ከልክል። እነዚህ ሁለቱ የነቢዩ የቅርብ ባልደረቦችና የዘመኑ ባለጸጎች ናቸው። የእነሱ ከብት ቢያልቅ የተምር እርሻና አዝመራ አላቸው። የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ደጄ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ከወርቅና ከብር ይልቅ ውኃና ሣር መስጠት ይቀለኛል አሉ ዑመር። ዑሥማን ኋላ ላይ ራሳቸው ኸሊፋ ሆኑ፤ ጅዳን የመካ ወደብ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ647። በዚያ ሣር ላይ ግን ተራቸው ከድሃው በኋላ ነበር።

የውሻውን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ይመጡብኛል። ሌናፔ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዛሬ ኒውዮርክ ከተማ፣ ኒው ጀርሲና ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ የተቀመጡበትን አገር ይዘው ይኖሩ ነበር። በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ አንድ ላይ ይዘሩ፣ በየወቅቱ ከወንዝ ወደ ባሕር ዳርቻ ይዘዋወሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1737 የፔንሲልቬኒያ ባለቤት የነበረው የፔን ቤተሰብ አንድ አሮጌ ውል አወጣና፣ ሰው በአንድ ቀን ተኩል በእግሩ የሚጓዘውን ያህል መሬት ይገባናል አለ። ሌናፔዎቹ የጠበቁት እንደ መንገደኛ እያረፈ የሚሄድ ሰው ነበር። ፔኖች ግን መንገዱን አስቀድመው አስመነጠሩ፤ ፈጣን የሆኑ ሦስት ሰዎችን ቀጠሩ። ሁለቱ ደክመው ቀሩ፤ አንዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። በዚህ መንገድ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል አገር ከሌናፔዎች እጅ ወጣ። ዛሬ ልጆቻቸው ያሉት ኦክላሆማ፣ ዊስኮንሲንና ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ ነው። አንዱ ዘንድ መሬት በውሻ ጩኸት ተለካ፤ ሌላው ዘንድ በቅጥረኛ ሩጫ። የዐረቡ ልማድ ግን የሚሽረው ሕግ አገኘ።

ሒማ በሒጃዝ ተራሮች ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኖሯል። እያንዳንዱ መንደርና ጎሣ የራሱ ነበረው። የግጦሽ ሳይንስ ባለሙያው ዑመር ድራዝ ለዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ሒማ ጽፈዋል፤ በመላው ሳዑዲ ወደ 3,000 እንደሚሆኑ ገምተዋል። እሳቸው ካስተዋሉት ውስጥ አንዳንዱ ከብት ፈጽሞ የማይገባበት፣ በድርቅ ዓመት ብቻ በእጅ እየታጨደ የሚወሰድ ነው። አንዳንዱ የከብቱ ቁጥር ይወሰናል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ለዛፍ ብቻ የተከለለም አለ። እኔ በጣም የወደድኩት የንቡ ሒማ ነው፤ አበባው ፈክቶ ንቦቹ ማራቸውን ቀስመው እስኪጨርሱ ከብት አይደርስበትም። ቀፎ ያለው ቤት ያደገ ሰው ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ1953 መንግሥት የጎሣ ሒማዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ አዘዘ። ሀሳቡ ፍትሕ ይመስላል፤ አንድ ጎሣ ብቻውን ለምን ይዞ ይቀመጣል? በተግባር ግን ጠባቂው ሲነሣ ሣሩም ተነሣ። ውኃ በቦቴ፣ በግ በጭነት መኪና መመላለስ ሲጀምር ከሩቅ የመጣ መንጋ የአንድን ሸለቆ ሣር በጥቂት ቀን ጨርሶ መሄድ ቻለ። ድራዝ በጻፉበት ጊዜ የቀሩት ሒማዎች ከክልላቸው ውጭ ካለው መሬት ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው በዓይን ይታይ ነበር። በጣኢፍና በባሓ ተራሮች ላይ እስከ ዛሬ የሚታወሱ ጥቂቶች አሉ።

ይህን ጅዳ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጬ ለአንድ የመንዝ ልጅ ሳወራለት ሳቅ አለ። እሱ ከጣኢፍ ማዶ በረሃ ላይ የሰው በግና ግመል ሲጠብቅ ሦስት ዓመት ኖሯል።

«ይሄማ ጓሳ ነዋ ወንድሜ!» አለኝ። «እኛ አገር አባቶቻችን ሲዘጉት ተዘጋ፣ ሲከፍቱት ተከፈተ ነው። እዚህ እኔ ስጠብቅ ግን የሚዘጋም የሚከፍትም ሰው አላየሁም። ሣር ካለበት መሄድ ነው፤ ሲያልቅ ገብስ በጆንያ ይመጣል።»

እውነቱን ነው። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። የአስቦና የገራ ትውልዶች በየፊናቸው ኃላፊ መርጠው፣ መሬቱን አንዳንዴ ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው፣ የጓሳው ሣር ሲደርስ ለሕዝቡ ይከፍቱት ነበር። በጓሳው ሣር ቤት ይከደናል፤ ገመድ ይገመዳል፤ ዝናብ የሚከላከል ገሳ ይሠራል። ኢዝኺር ለመካ የሆነውን ያህል ጓሳ ለመንዝ ሆኗል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በ1975 (እ.ኤ.አ.) የመሬት ዐዋጁ ሲመጣ ቀሮም እንደ ሒማ ፈረሰ፤ ዓላማውም ያው ፍትሕ ነበር። መንዞች ግን ሌላ መልክ ሰጥተው መልሰው አቋቋሙት፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ።

ሳዑዲዎችም ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ከጣኢፍ ሰሜን ምሥራቅ፣ በመካ አስተዳደር ውስጥ፣ ማሐዛት አስ-ሰይድ የተባለ 2,244 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት እ.ኤ.አ. በ1988 ጥብቅ ተባለ፤ ዙሪያውንም በሽቦ ታጠረ። ነጩ የዐረቢያ ኦሪክስ በ1972 ከዱር ጠፍቶ ነበር፤ በ1990 እዚህ ተለቀቀ፤ ተዋልዶም በዛ። በሽቦው ውስጥ ሣሩ ራሱን አበቀለ። ዝናብ በጠፋባቸው ዓመታት ግን ኦሪክሶቹና ሚዳቋዎቹ ዝናብ ወዳለበት መሄድ አልቻሉም፤ ብዙዎቹ አጥሩ ሥር እየወደቁ ሞቱ። የድሮው ሒማ ሽቦ አልነበረውም። የነበረው ጊዜውን የሚያውቅ፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ በሩን ከፍቶ «ግቡ» ወይም «ሂዱ» የሚል ሰው ነው።

ጅዳ ስመለስ ሁልጊዜ ወደ በለድ እሄዳለሁ፤ አሮጌው ከተማ ነው። የቤቶቹን ግድግዳ በመዳፌ መዳሰስ እወዳለሁ። ድንጋዩ መንቀቢ ይባላል፤ ከባሕሩ ዳርቻ ከጥንት የኮራል ክምችት እየተቆረጠ የወጣ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው የማር እንጀራ ይመስላል። ከቀዳዳዎቹ አንዳንዱ ውስጥ የኮከብ ቅርጽ አለ፤ በአንድ ወቅት ሕይወት የነበረው ነገር ቤት። ድንጋዩ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ በየተወሰነ ከፍታ እንጨት አግድም እየገባ ግንቡን ያስረዋል፤ እንጨቱ ያረጀ እንደሆነ ቤቱ ይሰነጠቃል። ሮሻን የሚባለው ከግድግዳው ወጣ ያለ የእንጨት መስኮት ደግሞ የባሕሩን ነፋስ እየጠለፈ ወደ ውስጥ ይልካል፤ ሴቶቹም ከውጭ ሳይታዩ መንገዱን ያያሉ። ኤሌክትሪክ ሳይኖር በዚህ ሙቀት ሰው የኖረው በዚህ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 «ታሪካዊቷ ጅዳ፣ የመካ በር» ብሎ መዝግቦታል።

ከሁሉም ቤቶች የታወቀው የነሲፍ ቤት ነው፤ ከ1872 እስከ 1881 ተሠራ። በሩ ላይ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ለረጅም ዘመን በከተማው ግንብ ውስጥ የነበረው ዛፍ እሱ ብቻ ስለሆነ ሰዎች ቤቱን «ባለ ዛፉ ቤት» ይሉት ነበር። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ለዛፉ የተሰጠ ክብር ነው ብዬ ነበር። ኋላ ላይ የገባኝ ግን የውኃው ነገር ነው። ጅዳ ምንጭ የላትም። ሰዎች የዝናብ ውኃ በጉድጓድ አጠራቅመው፣ ከሩቅ በግመል አስጭነው ነበር የሚጠጡት። በኦቶማኖች ዘመን መጨረሻ የባሕር ውኃ አፍልቶ የሚያጣራ መሣሪያ መጣ፤ ሕዝቡ «ኪንዳሳ» አለው። በ1947 ከዋዲ ፋጢማ ውኃ በቧንቧ ደረሰ። ከ1970 ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ የምትጠጣው በአብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውኃ ነው። እና በዚያ በውኃ ጥም ዘመን አንድ ሰው በሩ ላይ ዛፍ ተክሎ ያጠጣ ነበር። ዛሬ ጥላው ሥር የሚቀመጡ ልጆች ያን አያውቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የፈሰሰለትን እንስራ እቆጥራለሁ።

የውኃ ነገር ከተነሣ የዙበይዳን ሥራ ሳላነሣ አላልፍም። የዐባሲዱ ኸሊፋ የሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ሐጅ ስትመጣ ሑጃጁ በጥም ሲሠቃይ አየች፤ በገንዘቧ ከዋዲ ኑዕማንና ከሑነይን ምንጮች ውኃ ወደ ዐረፋና ወደ መካ የሚወስድ ቦይ አስቆፈረች። የጥንት ጸሐፊዎች 1,700,000 ዲናር ወጣበት ይላሉ። ዐረፋ ላይ በጀበል ራሕማ ግርጌ ሲያልፉ የድንጋይ ግንቡ ዛሬም ተራራውን ተደግፎ ይታያል። ጠጋ ብዬ አይቼዋለሁ፤ ውኃው በራሱ ክብደት፣ ሳይቸኩልና ሳይቆም እንዲወርድ ቁልቁለቱ በጥንቃቄ የተለካ ነው። ሲፈርስ የተጠገነው ደግሞ በሌላ ሴት ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሱልጣን ሱሌይማን ልጅ ሚህሪማህ ገንዘብ ሰጠች። ሥራው የወቅፍ፣ ለሕዝብ ጥቅም በቋሚነት የተሰጠ፣ ነበርና ንጉሥም ለማኝም እኩል ጠጥቶበታል።

ይህን ሁሉ ያወቀች አገር የጎርፉን መንገድ መርሳቷ ያሳዝነኛል። ከጅዳ ምሥራቅ ካሉት ኮረብቶች ወደ ባሕር የሚወርዱ ደረቅ ሸለቆዎች አሉ። አብዛኛውን ዓመት ባዶ ስለሆኑ ከተማዋ ስትሰፋ ቤትና መንገድ ተሠራባቸው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2009፣ ሑጃጁ ወደ ሚና በሚወጣበት ዕለት፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ከ90 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። ውኃው የጥንት መንገዱን ፈልጎ መጣ፤ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ግድቦችና መውረጃ ቦዮች ተሠርተዋል።

ከጅዳ በስተ ደቡብ ሹዐይባ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ጅዳ ወደብ ከመሆኗ በፊት የመካ ወደብ እሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ወደ ነጃሺ አገር መርከብ የተሳፈሩትም ከዚያ ነው። እኛ ሐበሾች ያን ታሪክ የምናወራው እንግዳ መቀበላችንን ለማስታወስ ነው፤ ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚያ ዳርቻ ስቆም የሚታወሰኝ ሌላ ነው። የሰው አገር ገብቶ በአገሬው ውኃና ሣር ላይ መኖር ምን ዓይነት አደብ እንደሚፈልግ ነው። ዛሬ ተራው የእኛ ሆኖ በዚህ አገር ብዙ መቶ ሺህ ነን፤ በጉን የሚጠብቀው፣ ቤቱን የሚጠርገው፣ መኪናውን የሚነዳው ከእኛው መካከል ነው።

ያቺ የወሎ እናት ዑምራቸውን ከጨረሱ በኋላ በማግስቱ ወደ ጅዳ አብረን ተመለስን። በመንገዱ ላይ የቁርኣን መጽሐፍ ተከፍቶ የተቀመጠ መስሎ የታነጸው ትልቁ ቅስት ሲታይ ሾፌሩን «ልጄ፣ ከበሩ በፊት አንዴ አቁምልኝ» አሉት። እግራቸው ሥር አምስት ሊትር ዘምዘም አለ፤ እሱን ይዞ መውጣት ይፈቀዳል። ዳር ይዞ ቆመ። እናቲቱ በሩን ከፍተው፣ ጫማቸውን አንድ በአንድ አወለቁ፣ ገለበጡና አራገፉ። ከአንደኛው ጫማ ውስጥ ትንሽ ጠጠር ወደቀች።

«የሐረም አፈር ከሐረም አይወጣም» አሉ ለልጁ፤ «ያንተንም አውልቅ።»

ልጁ ስኒከሩን ማሰሪያውን ፈትቶ አወለቀ፤ ገለበጠው፤ ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ።

«ምንም የለም እማማ።»

«ካልሲህንስ?»

ካልሲውንም አወለቀ።